ክፍሉ በሙሉ ያዳመጠው ልብ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ መቲ ከተማ

ኔትወርክ እምቢ ቢለኝ ነው የምጽፍልሽ። ከአባዬ ጋር እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ከጋምቤላ ሙቀት በቀር ደህና ነኝ።

የነርስነት ትምህርቴም ጥሩ ነው። ባለፈው አንዳችን የሌላችንን ልብ በማዳመጫ ስንለማመድ፣ የክፍሌ ልጅ አጁሉ እኔ ላይ ብዙ ቆየችና መምህራችንን ጠራች። እሳቸውም ሰምተው፣ «ሁላችሁም ኑ! በምቱ መሃል እንደ ንፋስ ሽው የሚለውን ስሙ፤ እንዲህ ያለው ሁልጊዜ አይገኝም» አሉ። እየሳቅሁ ተኛሁላቸው፤ ሁሉም ተሰልፈው እስኪጨርሱ መነሳት የለም።

እማዬ፣ ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዬን ታምሜ ጉልበቴ ያበጠ ጊዜ፣ ሐኪሙ ያዘዘልኝን መርፌ ጨርሼው ነበር? ለትምህርት ነው፤ የጉሮሮ ሕመም ልብን እንዴት እንደሚነካ እየተማርን ነው።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ብቻ አባዬ መኪና መውረጃው ጋ እንዳይቀበለኝ፤ ዳገቱን ብቻዬን ቀስ እያልኩ ልውጣው።

ሁለታችሁንም እቅፍ አድርጌ ስሜያለሁ።

ልጅሽ ቤዛ