የእህቴ አለቃ

ጥቅምት 6

ትምህርት ተጀመረ። የሥራ አመራር መግቢያ። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ግን ይርገበገባል፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሰሌዳውን የሚያየው በግምት ነው። ፊት ተቀመጥኩ። አብዛኛው ተማሪ እንደኔ ከሥራ የመጣ... ጫማው አቧራ የጠጣ፣ ዓይኑ እንቅልፍ የጠማው። አጠገቤ የተቀመጠችው ነርስ መምህሩ ገና ሳይገባ አንቀላፋች።

መምህሩ አጭር ነው፣ ድምፁ ጎርናና። "ሥራ አመራር ማለት ሥራን በሌሎች ሰዎች አማካይነት ማከናወን ነው" አለ። ጻፍኩ። በሌሎች ሰዎች አማካይነት... እስከ ክረምት ድረስ በገዛ እጄ ኮሌታ ስሰፋ የኖርኩ ሰው፣ አሁን የስፌት ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። "ድግሪውን ካልያዝሽ ግን ወንበሩ የውሰት ነው" ብሎኛል ሥራ አስኪያጁ። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ሆንኩ።

ቤት ስደርስ እህቴ እታለም እማዬን አጥባ፣ አብልታ፣ አስተኝታታለች።

"እሺ ዶክተር፣ ምን ተማርሽ?"

"ሰው ማሠራት።"

"እሱንማ ከልጅነትሽ ታውቂበታለሽ!"

አፋችንን ይዘን ሳቅን፣ እማዬ እንዳትነቃ።

ጥቅምት 10

የእማዬ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ጠዋቱ የኔ፣ ማታው የእታለም ነበር። አሁን ማታ ትምህርት ላይ ነኝ፣ ጠዋት ደግሞ የስፌት ክፍሉን የምከፍተው እኔ። ዛሬ ልነሳ ስል እታለም ብርድ ልብሱን መልሳ አለበሰችኝ።

"ጠዋቱንም ለኔ ተዪልኝ። ክፍል ውስጥ አንቀላፍተሽ እንዳታዋርጂን።"

"አንቺስ? ሥራ አትገቢም?"

"ጎረቤታችን ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ እማዬ ጋ እስክትመጣ ድረስ ነው። ትንሽ ባረፍድ... አለቃዬን አውቃታለሁ።" ጠቀሰችኝ።

እሺ አልኩ። ቶሎ ነው እሺ ያልኩት። እንቅልፍ ደስ ይላል።

ጥቅምት 27

ዛሬ ስለ ሥልጣንና ኃላፊነት። መምህሩ ጠመኔውን እያሽከረከረ "አንድ ኃላፊ መጀመሪያ የሚፈተነው በማን ይመስላችኋል? በዘመዱ!" አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የተቀመጥኩት እኮ ከእህቴ በላይ ነው። እታለም ከኔ በፊት ነው እዚህ ስፌት ቤት የገባችው። የስፌት መኪና ላይ ያስቀመጠችኝ እሷ፣ የመጀመሪያዋን ኪስ ያሰፋችኝ እሷ። ወንበሩን ለሷ ሊሰጧት ሲሉ "እኔ ትምህርቱን አልገፋሁም፣ ለሷ ስጧት" አለች።

ዛሬም አርፍዳ ገባች። ጨርቅ ቆራጩ... ምላሱ ከመቀሱ ስለሚስል ሁላችንም "መቀስ" ነው የምንለው... "ኧረ ተነሱ! የቤተ መንግሥት ሰዎች ገቡ!" ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እታለምም ሳቀች። መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ ያለፋትን ሁሉ ከምሳ በፊት ጨረሰች። ሁሌም እንደዚያ ናት። እኔ ግን ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

ኅዳር 4

የመንታዎቹ እናት፣ ቁልፍ የምትተክለው፣ አርፍዳ መጣች። ተቆጣኋት። ቀና ብላ አየችኝና ቀስ ብላ፣ "እኔም እህት ቢኖረኝ ኖሮ..." አለች።

ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ኅዳር 5

ማታ ለእታለም ነገርኳት።

"ሰው እያወራ ነው።"

"ያውራ። አፍ የተሠራው ለሱ ነው።"

"የሚያወራው እኮ በኔ ነው!"

የእማዬን ልብስ እያጠፈች ነበር። አቆመች። "ታዲያ ምን ላድርግ ሚጣ? ቁርሷን ሳላበላት፣ ብቻዋን ትቻት ልምጣ?"

ዝም።

ጠዋቱን መልሺልኝ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። አፌ ላይ ነበር... ለምን አላልኩም? የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበር። ደግሞ እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበው፦ ጠዋት ጠዋት የእማዬን ሽንት ማጽዳት ሰልችቶኝ ነበር።

ኅዳር 11

አደረግኩት።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩላት። ሥራ አስኪያጁ አላዘዘኝም። መምህሩም እህትሽን ቅጪ አላለኝም። እኔው ነኝ። ቢሮ ጠርቼ ልሰጣት እችል ነበር... አልጠራኋትም። መኪናዋ ድረስ ሄጄ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሰጠኋት። መቀስ እንዲያይ። የመንታዎቹ እናት እንድታይ።

እጇን በሽርጧ ጠረገች። አነበበች። በጣም ቀስ ብላ።

"እዚህ ጋ ነው የምፈርመው?"

"አዎ።"

ፈረመች። እስክሪብቶውን መለሰችልኝ። "ሌላ የሚያዙኝ ነገር አለ?"

አንቱ አለችኝ። ጸጉሬን እየጎነጎነች ያሳደገችኝ እህቴ አንቱ አለችኝ።

ማንም አልሳቀም። መቀስ እንኳ አንገቱን ጨርቁ ላይ ደፋ። ፍትሕ ያየ ክፍል እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም... ለቅሶ ቤት ነው የመሰለው።

ቤት ስገባ "ራትሽ ተከድኗል" አለች። ሌላ ምንም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 12

በሰዓቱ ገባች። እማዬን እንዴት አድርጋ እንደመጣች አልጠየቅኩም።

ኅዳር 18



እማዬ ወደቀች። እታለም ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ታጥባት፣ ታበላትና ወንበሯ ላይ በትራስ ደግፋ ትታት ነው የምትመጣው። ጎረቤታችን እስክትደርስ እማዬ ብቻዋን ናት። ዛሬ ውሃ ጠምቷት ኩባያውን ልታነሳ ስትንጠራራ... ጎረቤታችን ወለል ላይ አገኘቻት።

ለኔ ነበር የደወለችው። ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬን ዘግቼ። ስለ ምርታማነት እያወራን። ከዚያ ለእታለም ደወለች። እታለም መኪናውን እንኳ ሳታጠፋ ሮጣ ወጣች አሉ።

ሐኪም ቤት ስደርስ የእማዬ ደህነኛው እጇ በጀሶ ታስሯል። ደህነኛው! የቀራት አንዱ እጅ እኮ ነው... አሁን ማንኪያም አትይዝም። እታለም ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፣ ሽርጧን እንዳደረገች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳት።

"የማንም አይደለም" አለች። ሳታየኝ።

ኅዳር 22

ጠዋት ቢሮዬን አንኳኳች። አንኳኩታ አታውቅም ነበር። መልቀቂያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እታለም ተይ። ያን ደብዳቤ ቀድጄ እጥለዋለሁ።"

"ለምን ትቀድጂዋለሽ? አረፈድኩ፣ ጻፍሽ። ሕጉ ነው።"

"እንዲህ አትበይኝ።"

በሩን ዘጋችና ተቀመጠች። በዚያ ቢሮ ውስጥ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። "ሚጣ፣ ስሚኝ። አለቃዬ መሆንሽ ከብዶኝ አያውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ለምን እንደማረፍድ አያውቅም፣ አልፈርድበትም። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። እያወቅሽ እንደማያውቅ ሰው ሆንሽብኝ። እሱ ነው።"

 

እንዲያው ልከልክላት? በምን አፌ? ፈረምኩላት።

ታኅሣሥ 3

መምህሩ የቤት ሥራ ሰጠ። በሥራ ቦታችሁ የተወሰነ አንድ ከባድ ውሳኔ ጻፉ፣ ተንትኑ።

ጻፍኩ። "አንዲት የክፍል ኃላፊ" ብዬ። እታለምን "ሠራተኛ ሀ" አልኳት። እህቷ መሆኗን ጻፍኩ፣ ማርፈዷን ጻፍኩ፣ የክፍሉን ጉምጉምታ ጻፍኩ፣ ማስጠንቀቂያውን ጻፍኩ። ደጋግሜ ሳነበው ንጹሕ ነው። ቀጥ ያለ ስፌት።

እማዬን ግን አልጻፍኳትም። የት ላስገባት? የትኛው ርዕስ ሥር?

ምን እየጠበቅኩ ነው? በቀይ እስክሪብቶ "ተሳስታለች" ብሎ እንዲመልስልኝ ሳይሆን አይቀርም።

ታኅሣሥ 17

ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ።

መምህሩ ስሜን ሳይጠራ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበው። "ይህች ኃላፊ የቤተሰብና የሥራ ግንኙነትን ለይታ ማየት ችላለች። አድልዎ ማለት ምን እንደሆነ ገብቷታል" አለ። ተማሪው አጨበጨበ። እኔም ላለመታወቅ አብሬ አጨበጨብኩ... ለራሴ!

ያቺ ሁሌ የምታንቀላፋው ነርስ ዛሬ ነቅታ ነበር። እጇን አወጣች።

"ለምን ነበር የምታረፍደው?"

"ማን?" አለ መምህሩ።

"ሠራተኛዋ። እህትየዋ።"

ወረቀቱን አገላበጠ። "እዚህ ላይ አልተጠቀሰም። ጸሐፊዋ ልትነግረን ትችል ይሆናል?"

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ግን "የግል ምክንያት ነበራት" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ድምፅ ነው። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ነርሷ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

የግል ምክንያት... እናቴን የግል ምክንያት አልኳት።

ጥር 4

እታለም ሥራ አገኘች። ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት ነው፣ ባለቤቲቱ ያረጁ መበለት ናቸው። ከሱቁ ጀርባ ክፍል አለው። "እየሰፋሁ በበሩ አያታለሁ" አለች። እማዬን ይዛ ልትሄድ ነው።

"እዚህስ? እኔ አለሁ አይደል?" አልኩ።

የእማዬን ልብሶች ማጠፍ ጀመረች።

የእማዬን አልጋ ዛሬ አወጣን። ሊሸከም የመጣው ማን ነው? መቀስ! ማን እንደጠራው አላውቅም። እማዬን እንደ ዕንቁላል ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባት፤ እስከ መኪናው ድረስ ሲያስቃት ነበር። አልጋውን ፈትተን ስንጨርስ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አሻሸ።

"እኔ እኮ ለቀልድ ብዬ ነበር። እናትየዋ እንዲህ መሆናቸውን የነገረኝ የለም።"

"አውቃለሁ" አልኩት።

እስከ ዛሬ በልቤ እሱን ነበር የምወቅሰው። ምላሱ ነው፣ እሱ ባይቀልድ ኖሮ እያልኩ። ዛሬ እሱንም አጣሁት።

ጥር 15

አረፈድኩ። የሚቀሰቅሰኝ የለም፣ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ዘበኛው ብድግ ብሎ ሰላም አለኝ። ገባሁ፣ ሻርፔን ሰቀልኩ፣ ተቀመጥኩ። ማንም ምንም አላለኝም።

ጥር 23

ሥራ አስኪያጁን አንድ ነገር ጠየቅኩ። ቤት ውስጥ በሽተኛ ወይም ሕፃን ያለው ሠራተኛ ዘግይቶ ገብቶ ማታ እንዲያካክስ። መነጽሩን አወለቀ። "ከዩኒቨርሲቲ ያመጣሽው ነው?" አለ። አዎ አልኩት። ዋሸሁ። እውነቱን ብነግረው እሺ የሚል አልመሰለኝም። "እስቲ ለጊዜው እንሞክረው" አለ።

መጀመሪያ የተመዘገበችው የመንታዎቹ እናት ናት። መጥታ እጄን ይዛ "እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺማ ሰው ነሽ" አለችኝ። እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁ። ሰው ብሆንማ በጥቅምት ነበር የምጠይቀው። ያኔ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም...

የካቲት 1

እሑድ እነሱ ጋ ሄድኩ። እታለም ወንበር በጨርቅ ወልውላ አቀረበችልኝ። እንደ እንግዳ። ሻይ በሰሃን። ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፤ ፈተናውን አልፌያለሁ አልኳት። "ጎሽ" አለች፣ ከልቧ ነው። ቂም ቢኖራት ይቀለኝ ነበር። ቂም የለም። ርቀት ነው ያለው።

ስወጣ በር ላይ፣ "ጠዋት ጠዋት መጥቼ እማዬን ላጥባት?" አልኩ።

"አሁንማ ምን ያስፈልጋል? እዚሁ አለሁ እኮ።"

"እንዲያው..."

በእጇ የያዘችውን ልብስ ክር በጥርሷ በጠሰች። "ከፈለግሽ ቅዳሜ ነይ።"

የካቲት 7

ቅዳሜ። ሄድኩ።

የእማዬ እጅ ከጀሶ ወጥቷል፤ ድኗል፣ ግን ትንሽ ተጣሟል። ማንኪያ ሲይዝ ወደ ውጭ ያዘነብላል። እሱን ሳላይ ለማለፍ ሞከርኩ። አልሆነም።

ማጠቡን ረስቼዋለሁ። ጀርባዋን በየት በኩል እንደምደግፍ ጠፋኝ። ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገባ። እማዬ በግማሽ አፏ ሳቀች። "አን...ቺ... ልብ...ስ... ነው... የምታ...ጥቢ?" አለች። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ አፍንጫዬን በፎጣዋ ጠረግኩ።

በሩ ክፍት ነው። እታለም ጀርባዋን ሰጥታን ትሰፋለች። አዝና ይሁን ስቃ አላውቅም፣ መኪናው ድንገት ቆመ። የኔም እጅ በአየር ላይ ቆመ። አሁን ዞራ አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ይቅር ብያለሁ ትበለኝ፣ ወይ ውጪ ትበለኝ... ማንኛውንም።

"ውሃው ሳይቀዘቅዝ ቶሎ በይ" አለች።

መኪናው እንደገና መሄድ ጀመረ። እኔም የእማዬን አንገት ማጠብ ቀጠልኩ።