ማሰሪያ ድንጋይ

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ቲቸር አሰግድ ዛሬ ደጄ ድረስ መጣ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታውን በአገጩ ነበር የሚሰጠኝ። ዛሬ ኮፍያውን አወለቀ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አልለውም።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ሰሌዳ ፊት አቁሞ፣ «ይህ ልጅ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ አይማርም» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። በዓመቱ ትምህርቱን ተውኩት፤ ስሙ ግን አልተወኝም። ደብረ ብርሃን ውስጥ አብሮ አደጎቼ አሁንም «ድንጋዩ» ነው የሚሉኝ። ግንበኛ ስሆን ደግሞ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» አሉ። ያወጣው መልአክ አይደለም፣ አሰግድ ነው።

ከቤቱ ጀርባ ቁልቁለቱን የያዘው ግንብ ሆድ አውጥቷል። መኝታ ቤታቸው ከሥሩ ነው። ክረምቱ ደጅ ላይ ነው።

«እናየዋለን» አልኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

አየሁት። ኢንጂነር ልጁ ከአዲስ አበባ በስልክ እያዘዘ ያስገነባው ነው። ፊቱ ያምራል። ውስጡ አንድ ማሰሪያ የለም። ማሰሪያ ረጅሙ ድንጋይ ነው፤ ጫፉ ብቻ በውጭ ይታያል፣ ቀሪው ወደ ውስጥ ገብቶ ግንቡን ይይዛል። ለዓይን የሚሠራ ሰው ግን ርዝመቱ እንዲታይለት ለፊት ያጋድመዋል። ሁሉንም አጋድመዋቸዋል። የውሃ መውጫም የለም።

ቲቸር ክፍል ውስጥ ከአፉ የማትጠፋ አባባል ነበረችው፤ «የተማረ ይግደለኝ»። ግንቡን ቀና ብዬ አየሁና ሳቄ መጣ። ሳቁ ሳል ሆነ።

«ብርድ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ብላበት» አለኝ።

ሁሉም ሰው ብርድ ነው ይላል። ይህን ሁሉ ዓመት የድንጋይ ብናኝ የማግሁት እኔ ነኝ።

ስምምነታችን፦ ነገና ቅዳሜ አፈርሳለሁ። እሑድ ሰንበቴ ላይ ተነሥቶ፣ ድንጋይ ያለኝ በስህተት እንደነበር በሰው ፊት ይናገራል። ሰኞ እገነባለሁ።

«ይህችን ታክል ነገር?» አለ። አዎ፣ ይህችን ታክል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ከሁለት ሠራተኞች ጋር አፍርሰን ጨረስን። አፈሩ ራቁቱን ቆሟል።

ባለቤቴ አስናቀች፦ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። አንተ ነገ ሁለቱንም ይዘህ ልትሄድ ነው?»

«ለጸሎት መቼ ሄድኩ» አልኳት።

ለነገ፦
ነጭ ሸሚዜን ማስተኮስ።
ያኔ ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው ተሾመ እንዳይቀር መንገር።
ፊት መቀመጥ።
አለማሳል።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወገኖቼ፣ ይህን ልጅ በተማሪነቱ ድንጋይ ብዬው ነበር። እልህ ይዞት ይኸው የከተማችን አንደኛ ግንበኛ ሆነ። መምህር ማለት እንዲህ ነው፤ ሲቆጣም ሰው ይሠራል!»

«ዕድሜ ይስጥልን!» አሉ። አጨበጨቡለት።

ተሾመ ጮኸ፤ «ድንጋዩ፣ ምን ትጠብቃለህ? ተነሥና ጉልበት ሳም እንጂ!»

ሳምኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ምን ላድርግ።

እልህ አይደለም። ግንብ ያስተማረኝ የአንኮበሩ አጎቴ ነው። አንድ ቀን ሰድቦኝ አያውቅም። ስሙን ማን አነሣው?

ሰኞ፣ ሰኔ 9

አልሄድኩም። ሠራተኞቹንም አስቀረሁ። ሦስት ጊዜ ደወለ። በአራተኛው አነሣሁት።

«ምነው ልጄ፣ ቀረህሳ?»

«ግንበኛ የሠራ ሰው ግንብ አያቅተውም» አልኩና ዘጋሁት።

ይህችን መልሴን ቀኑን ሙሉ ለራሴ ደጋገምኳት። ከሰዓት በኋላ በጣርማ በር በኩል ሰማዩ ጠቆረ። አስናቀች፣ «ሚስቱስ ምን አደረገችህ? እሷም እዚያው ክፍል ነው የምትተኛው» አለችኝ። እራት አልበላም ብዬ ነበር፤ በላሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ጠዋት ዘነበ። ሠራተኞቹን ጠርቼ ሄድኩ።

ቲቸር ካፖርቱን ለብሶ ብቻውን ይገነባል። ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አንዱን ረጅም ድንጋይ አቅፎ ለፊት ሊያጋድመው ሲል ደረስኩ።

«ወደ ውስጥ ነው የሚገባው» አልኩ።

«ለምን?»

በሕይወቱ ትምህርት ፈልጎ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ላስረዳው እችል ነበር።

«ቲቸር፣ ድንጋይ ነዎት እንዴ?» አልኩት።

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ሰማች። አንዱ ሠራተኛ ሳቀ። ውሃው ከቲቸር ኮፍያ ጠርዝ ይንጠባጠባል። ከዚያ ድንጋዩን አዞረው።

መዶሻዬን አወጣሁ። እስከ አመሻሽ ዘጠኝ ማሰሪያ አስገባሁ፣ የውሃ መውጫም አበጀሁ። ድንጋዮቹን ያቀበለኝ እሱ ነው። ዘጠነኛውን ምንም ሳልለው በትክክል አዙሮ ሰጠኝ። ድንጋይም ይማራል ማለት ነው። አልነገርኩትም።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ትንሽ ብሎኛል። ያ ሠራተኛ ሲስቅ ግን ቁርጥ ተሾመን መሰለኝ።