ጨረቃ አንድ ቀን ብትዘገይልኝ

ይድረስ ለእህቴ ለሂዳያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ። እንዴት ነሽልኝ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? የእማማ ጉልበት ለቀቅ አደረጋት ወይ? ታናሻችን ነዒማስ አሁንም ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ ትሟገታለች? ሙሽሪት ሆይ፣ ያንቺን ጤና ሳልጠይቅም ገብቶኛል፤ ትላንት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትዘጊው ክንድሽ ፍጹም ጤነኛ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። እኔም ከሁለት ነገር በቀር ደህና ነኝ፤ አንደኛው የናንተ ናፍቆት፣ ሁለተኛው ጨረቃ።

ስልክ ሲዘጋ ነገር መሃል ላይ ይቀራል። ደብዳቤ ግን ቀደሽ ብትጥዪውም ቢያንስ መጀመሪያውን ታነቢዋለሽ ብዬ፣ ይኸው የአገራችን ልጅ ኸድር ረዳት በሆነበት አውቶቡስ ላክሁልሽ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የምነዳው ሚኒባስ የእትዬ ኣኽበረት ነው፤ ባዶ እጄን መቐለ ስገባ ዋስ ሳትጠይቀኝ ቁልፉን የሰጠችኝ ሴት ናት። ዘንድሮ መኪናዋን ለመምህር አስማማው ማኮናተር ጀምራለች። አስማማው ከጎጃም መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ሲሆን ሙያው ኮከብ ማየት ነው። ኮከብ መቁጠር አላልኩም፤ አንድ ቀን «ኮከብ ቆጣሪው» ብዬው ሙሉ መንገድ አኩርፎኛል። በበዓል ሰሞን ባልደረቦቹን ጭኖ፣ ከከተማው መብራት ርቆ ገርዓልታ ተራራ ሥር ቴሌስኮፑን ይተክላል። ችግሩ በዓሉና ጨረቃዋ አይስማሙለትም፤ እሷ ከደመቀች ደቃቅ ኮከብ አይታይማ። የገና ሰሞን ሄድን፤ ሙሉ ጨረቃ ረጅሙን መብራት እንዳበራ ሲኖትራክ ፊት ለፊት መጣችብን፤ መምህሩ ቴሌስኮፑን እንደ ሬሳ ሸፋፍኖ ተመለስን። ጥምቀት ላይ ሰማዩ ድቅድቅ ጨለማ ነበር፤ ሰው ግን «ታቦት ጥለን ኮከብ ፍለጋ?» ብሎ ቀረ። ፋሲካ እንደሁ ሁልጊዜም ሙሉ ጨረቃን ተከትሎ ነው የሚመጣ።

እዚህ ላይ ነው ምላሴ የገደለችኝ። መምህሩ ከጎኔ ተቀምጦ ካላንደር እያገላበጠ ሲያማርር አላስችል ብሎኝ፣ እንደ ሼኽ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ጨረቃ የማያስቸግርህ በዓል ከፈለግህ ወደ እኛ ና! ዒዳችን ጨረቃዋ ገና እንደ ጥፍር ቁራጭ ስትወለድ ነው፤ ከመግሪብ በኋላ ሹልክ ብላ ትሄድልሃለች» አልኩት። ዘሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ወላሂ ሂዳያ፣ ያን ሰዓት ሹፌሩ እኔው መሆኔ ትዝ አላለኝም! በማግስቱ እትዬ ኣኽበረት ጠርታ «የዒድ ሰሞን አርብ ከሰዓት ትወጣላችሁ፣ ቅዳሜ ትመለሳላችሁ፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለችኝ።

አሁን አንቺው ፍረጂ። ሽማግሌዎቻችን ኒካሕሽን የቆረጡት «በዒድ ማግስት» ብለው ነው፤ ቀኑን እንደ ልማዳችን ለጨረቃ ትተውታል። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ማታ ከታየች ዒድ አርብ፣ ኒካሕሽ ቅዳሜ ጠዋት ይሆናል። ያን ጊዜ እኔ ወልይሽ፣ አባታችን ካረፈ ወዲህ አንቺን ለባል የሚሰጥ አንድ ወንድምሽ፣ ተራራ ሥር የመምህራን ጃኬት ስጠብቅ እገኛለሁ። ካልታየች ግን ዒድ ቅዳሜ፣ ኒካሑ እሁድ ነው፤ መኪናውን አስረክቤ ቅዳሜ ማታ እናንተ ዘንድ ሐይቅ ከተማ እገባለሁ።

መምህሩን «ሐሙስ ትታያለች ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ከተወለደች ቀን አይሞላትም፤ በዓይን ለማየት ታስቸግራለች፤ ግን አይታወቅም» አለኝ። ይህን ሁሉ ተምሮ አይታወቅም! ጉዞውን እንዲያዞርልኝ ብለምነው ማደሪያ ተይዟል አለ። ሌላው ሹፌር ሚልኪያስ ይንዳልኝ ብዬ እትዬ ኣኽበረት እግር ላይ ወደቅሁ። «ሚልኪያስ ከመንገዱ ይልቅ ለጉድጓዱ ያደላል። አንተ ካልነዳህ ቁልፉን አስቀምጥ» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ አንጀቷ አልችል ብሏት «ኣጆኻ ወደይ» ብላ አጽናናችኝ፤ አይዞህ ልጄ ማለቷ ነው። ይኸው በሁዳዴ ጾሟ ላይ የኔን ጨረቃ ደርባ እየሰገደች ነው።

አንቺን «ያም ሆነ ይህ እሁድ ይሁንልኝ» ብዬ ብለምንሽ፣ «የሠርግ ቀን የሚቆርጥ ሽማግሌ ነው እንጂ ሹፌር አይደለም!» ብለሽ ዘጋሽው። እውነትሽን ነው። ቁልፉን ወርውሬ ልምጣ እንዳልል፣ የእማማ መድኃኒት በዚያች ሚኒባስ ጎማ ላይ ነው የሚሽከረከር። ስለዚህ ጾመኛ ሆኜ ሳለሁ አንድ ቀን ጾም እንዲጨመርብኝ ዱዓ ይዣለሁ። እዚህ ያለው የወሎ ጀማዓ ይህን ቢሰማ ማፍጠሪያ ላይ ቴምር የሚያቀብለኝ የለም።

ቀልዱ ይብቃ። ሐሙስ ጨረቃ ከታየች አጎታችን አብዱልወዱድ በኔ ቦታ ይቀመጥ። እኔ ሸረፈዲን የእህቴን የሂዳያን ኒካሕ እንዲያስር በገዛ ፈቃዴ ወክዬዋለሁ፤ ኸድርና የአውቶቡሱ ሹፌር ምስክሮቼ ናቸው። ይህችን መስመር ላለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ የዞርኩት። ብቻ ቃሉን ሲናገር ድምፁን ከፍ ያድርግልኝ፤ እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ሐሙስ ማታ ሰማይ ስታዩ እሷን ከፊት አስቀድሙልኝ፣ ዓይኗ እንደ ድሮው አይደለምና። አጎቴን ሰላም በይልኝ፤ ያን ሰዓት ጨዋታ ይጀምርላችሁ፣ እሱ ከጀመረ ቀና የሚል የለም። ነዒማን ሰላም በያት፤ ዓይኗ የጭልፊት ነውና መግሪብ ላይ ማዕድ ቤት አስቀሩልኝ። ጎረቤቱን ሁሉ በያሉበት ሰላም በይልኝ፤ ሬዲዮ ያለው ብቻ ድምፁን ይቀንስልኝ። አንቺን ግን ራሴ ቀርቤ ነው ሰላም የምልሽ፣ አላህ ካለና ጨረቃ ከዘገየች።

ወንድምሽ ሸረፈዲን
መቐለ፣ ዓይደር
መጋቢት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.