ስለ ሜሬሪድ አውራ በግ እና ስለ ባዶው ወንበር

ለተከበሩ አቶ ኢቪዮን፣
በመንደራችን የኪነ ጥበብ በዓል፣ በአይስቴድፎድ፣ የድርሰት ውድድር ዳኛ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ በቤተ ጸሎታችን መስበኪያ ላይ አርባ ደቂቃ ቆመው ሲተቹ ጉልበትዎ እንዳልተጎዳ፣ ድምፅዎም እንዳልተዘጋ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አድማጮችዎ ከወገብ ሕመም በቀር ደህና ነን።

“የወንዝ ማዶ” በሚል የብዕር ስም ዘጠኝ አጫጭር ታሪኮች ያስገባው፣ አሸናፊ ተብሎ መለከት ተነፍቶለት፣ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልተነሣው፣ “ካልቀረበ የሽልማቱን ወንበር ማንም አይወስደውም” ብለው በጋዜጣ ያስነገሩበት ሰው እኔ ነኝ። ከኋላ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ፣ ከጎረቤቴ ከሜሬሪድ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። መነሣት አቃተኝ። ምክንያቴን ከነምስጋናዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. በአንዱ ታሪኬ በገዛ ቀብሩ ላይ መዘምራኑ ወፍራም ድምፅ ቢጎድላቸው ከሣጥኑ ተነሥቶ የዘመረውን ሬሳ “ፍጹም የሚታመን” ስላሉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስብከት ረዝሞባቸው ሣር የበቀለባቸውንም ምእመናን ወደውልኛል።

፪. ባሏ ሞቶ አውራ በግ ሆኖ የተመለሰላትን፣ ሾርባዋንም የሚነቅፍባትን ባልቴት ግን ድምፅዎን አቅጥነው አነበቡልን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ መነጽርዎን አውልቀው፣ “በሕይወት ያለች ሴት ከበግ ጋር አታወራም፤ ደራሲው ይቺን ባልቴት ቢያስወጣት መጽሐፉ ይድናል” አሉ። ሰውን እንዲህ ጠንቅቀው ማወቅዎ መቼም ድንቅ ነው።

፫. ሜሬሪድ ባሏ ኢድዋል ከሞተ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከድንጋይ አጥሯ ላይ ተደግፋ ለአውራ በጓ የቀኑን ወሬ ስትነግረው ኖራለች። “ኢድዋልዬ፣ ጣራው ዛሬም አፈሰሰ እኮ” ትለዋለች። ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው፤ እጄን ይዛ፣ “አደራሽን ለማንም እንዳትነግሪ፣ አበደች ይሉኛል” ብላ። እኔም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጻፍኩት እንጂ።

ያን ዕለት ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷም ሳቀች። እንዳይታወቅባት ብላ ነው የሳቀችው። የብዕር ስሜ ሲጠራ ዞራ አላየችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በተከታዩ ሐሙስ በጉን ገበያ አውጥታ ሸጠችው። እንዳዘዙት ባልቴቷ ወጥታለች፣ እንኳን ደስ አለዎ።

ይህ በተራ ቁጥር ፫ የጻፍኩት በደል የእርስዎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እርስዎ የጻፍኩትን አነበቡ፤ አደራ የበላሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን ልሸከመው ስላልቻልኩ በእርስዎም ላይ ደረብኩት፣ ይቅር ይበሉኝ።

ወንበሩን አልፈልገውም። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ በመጪው እሑድ እዚያው መስበኪያ ላይ ወጥተው፣ አሁን በራስዎ ድምፅ፣ ተሳስቼ ነበር ይበሉልን።

ለሰፊው ዕውቀትዎና ለንጹሑ መነጽርዎ ከአንገቴ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ መነሣት በሚገባኝ ሰዓት የተቀመጥኩት

ቴግዌን፣ የወንዝ ማዶ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ በፊት ለሜሬሪድ ወሰድኩላት፤ ደጃፏ ላይ ቆሜ አስነበብኳት። “ስሜን እንዳትደብቂው፤ የሳቁብኝ ሁሉ ማን እንደሆንኩ ይወቁ። ደግሞ ኢድዋል ሾርባዬን ነቅፎ አያውቅም” ብላ በሩን ዘጋችብኝ። በጉንም ከገዛው ሰው ለምኜ መልሼላት ነበር፤ አልቀበልም አለች። አሁን እኔ ጓሮ ነው። በየቀኑ አጥሩ ላይ ተደግፌ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም። እናም ክቡርነትዎ፣ በሕይወት ያለች ሴት ከበግ ጋር ታወራለች፤ ሜሬሪድ ብትተወው እኔ ጀምሬያለሁ።