ሠላሳ ሲደርሱ እመጣለሁ

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለፀጋው፣ ሆላንድ ላለኸው።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሃል? ወገብህ፣ ሆድህ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው? ያ በብርድ ጊዜ የሚነሣብህ የጆሮ ሕመም ተወህ፣ ወይስ እሱም እንደ አንተ ካለበት አልነቃነቅ አለ? እንቅልፍህስ? የምትበላው ነገር ይስማማሃል? ባለፈው በላክኸው ፎቶ ላይ ጸጉርህ ከግንባርህ ወደ ኋላ ሲሸሽ አይቼ በአባትህ ወገን አሳብቤያለሁ። በእኛ ወገን መላጣ የሚባል ነገር የለም። እኔ ባርኔጣዬን የማላወልቀው ለብርዱ ነው።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትህ ደኅና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ዐይኗም ደክሞ መነጽሩ አልረዳት ብሏል፣ አንደበቷ ግን ከወትሮው በርትቷል፤ ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ። እኅትህ አመተ ማርያም በጣም ረዝማለች፤ በራችሁን አሁን ዝቅ ብላ ነው የምትገባው። ገብሱን ውርጭ ነካ አድርጎታል እንጂ የሚያስከፋ አይደለም። የእኔም ሱቅ እንዳለች አለች፤ ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ጠፍቶ የሚመጣው ሁሉ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ብነግርህ በቀለለኝ። ነገር ግን አንተ ስትደውል እናትህ ድምፁን ከፍ አድርጉት ስለምትል ከጆሮዋ የሚያመልጥ ቃል የለም። በቴሌግራም እንዳልጽፍልህም ስልኬ እንደ ቤቱ በርጩማ የሁሉም ነው፤ የመጣ ሁሉ ያነሣዋል። ገበያው አጠገብ ልብስ ስትሰፋ የነበረችው የዳባቷ ልጅ ሕሊና በዚህ ሳምንት እዚያው አንተ ያለህበት አገር ወዳለው ባሏ ስለምትሄድ፣ ወረቀቱን በእጇ ልኬልሃለሁ። ለእናትህ የነገርኳት ስለ ጨዋታው ምክር ልጠይቅህ እንደምጽፍ ነው። ውሸት አይደለም፤ ነገሩ የጨዋታው ነገር ነው።

ከሥሩ ልጀምርልህ። አንድ ሰው ሊጠገንለት አምጥቶ ሳይመለስ የቀረ ስልክ ከሱቄ ነበር። ያንን አውሬ የሚያዝበትን ጨዋታ ጫንበት ብለህ የወተወትከኝ አንተ ነህ። የስልክ ጥገናን ያለ አስተማሪ እንደተማርኩት ይህንንም ያለ አስተማሪ ተማርኩት። ስልኩን ይዞ መሄድ ነው። ለሰው ዐይን የማይታዩ አውሬዎች በመስታወቱ ላይ ብቅ ይላሉ፤ ኳስ ወርውሮ መያዝ ነው። በያዝክ ቁጥር ነጥብ ይመጣል፣ ነጥቡ ሲሞላ ደረጃህ ከፍ ይላል። አንተ ከዚያ ስጦታ ትልክልኛለህ፣ እኔ ከዚህ። ስጦታው የተነሣበትን ቦታ ሥዕል ይዞ ስለሚመጣ የምትሻገረውን ድልድይ አውቀዋለሁ። ልብሱን ጥሎ አደባባይ ላይ የቆመውን የድንጋይ ሰውዬም አውቀዋለሁ፤ ለእናትህ ግን አላሳየኋትም።

በፋሲካ ዕለት ስትደውል እናትህ እንደ ልማዷ «መቼ ነው የምትመጣው?» አለችህ። አንተ ግን ወደ እኔ ዞረህ «ጋሼ ቢራራ፣ ስንት ደረሱ?» አልከኝ። «አራት» አልኩህ። «እንግዲያው ሠላሳ ሲደርሱ እመጣለሁ። አውሬ መለዋወጥ የሚቻለው ጎን ለጎን ቆሞ ነው፤ ያን ጊዜ መምጣቴ የግድ ነው» አልክ። አንተም ሳቅህ፣ እኔም ሳቅሁ። እናትህ ግን አልሳቀችም። አንተ የቀለድከውን እሷ ቀጠሮ አድርጋ ያዘችው።

የመሪጌታ ሚስት ሆና ኖራለችና ደረጃ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። አባትህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ አቋቋም ሲሻገር ስንቁን የምትቋጥረው እሷ ነበረች። በማግስቱ ጠዋት ከሱቄ ድረስ መጥታ «የአንተ አራት ማለት ገና ፊደል መቁጠር ነው፤ ተነሥና ሂድ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዋ «ዛሬ ስንት ገባህ?» ሆነ። አንድ በግ ገዝታ ለብቻው አሰረች። ለበዓል ነው ወይ ብላት «የሠላሳ ነው» አለችኝ። አሁን መንደሩ ሁሉ ያንን በግ ሠላሳ እያለ ነው የሚጠራው።

እኔም ተንኮሌ ተነሣ። ሠላሳ ያልከው ዓመታት ይፈጅበታል፣ እስከዚያ እረሳለሁ ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል። ይህን ልጅ በገዛ ቃሉ ባላስረው ቢራራ አልባልም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን ብታይ ትኮራብኝ ነበር፣ ወይ ታፍርብኝ ነበር።

የጨዋታው እንቁላል የሚፈለፈለው በእግር ሲኬድ ነው አይደል? እንግዶችን ተራራው ላይ ወዳለው ጊች ከሚያደርሱት በቅሎዎች የአንዷ አንገት ላይ ስልኩን በጨርቅ ቋጥሬ አሰርኩት። እኔ ጠላ ቤት ተቀምጬ ስጫወት ሰነበትኩ፤ በቅሎዋ ስትመለስ እንቁላሉ ሁሉ ተፈልፍሏል። በፍልሰታ ደግሞ እንቁላል ማስፈልፈል ጾም ይሽር እንደሆነ የንስሐ አባታችንን አባ ወልደ ሩፋኤልን ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ትበላዋለህ?» አሉኝ። «የለም፣ አባቴ» አልኳቸው። «እንግዲያው እኔን ለምን ታደክመኛለህ?» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

አንድ ቀን ገበያው ዳር ስልኩን ወደ ባዶ ሜዳ አዙሬ ስታገል አንድ ጥበቃ ክንዴን ያዘኝ። «ምን ትቀርጻለህ?» አለኝ። «አውሬ እየያዝኩ ነው» አልኩት። «የታለ?» አለ። «ለአንተ አይታይህም» አልኩት። ክንዴን ለቆ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለእናትህ መልእክት ደረሳት፤ ወንድምሽን ሳይብስበት ጸበል ውሰጂው የሚል። እሷ ምን ብትመልስ ጥሩ ነው? «ሠላሳ ይድረስና እወስደዋለሁ።»

ዋናው ብልሃቴ ግን ሊማሊሞ ነበር። ጨዋታው በመኪና የተሄደ መንገድ አይቆጥርም፤ ሲፈጥንበት ያውቃል። የሠሩት ሰዎች ግን ሊማሊሞን አያውቁም። ከአዲ አርቃይ እህል ጭኖ የሚወጣ መኪና በዚያ ጠመዝማዛ ሲያቃስት ከእግረኛ አይቀድምም፤ ጨዋታውም ሰው የሚራመድ እየመሰለው ይቆጥራል። እንዳለው የሚባል ሾፌር አለ፤ የመኪናውን ሬዲዮ ጠግኜለት ወዳጆች ሆነናል። ከእሱ ጋር ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ከእሱ ጋር እወጣለሁ። ጋቢና ውስጥ እግሬን ዘርግቼ ቆሎ ስቆረጥም ጨዋታው ብርቱ ተጓዥ ነህ እያለ ያሞግሰኛል። ነጥብ እጥፍ የሚያደርገውንም ነገር ሳላባክን አስቀምጬ፣ ያጠራቀምኳቸውን ትንንሽ አውሬዎች በአንድ ጊዜ አሳደግኋቸው። የሚጫወቱት ልጆች በዓመት የማይደርሱበትን እኔ በክረምቱ ጨረስኩት።

ጥቅምት እንደገባ በላይኛው መታጠፊያ ላይ ስልኩ ዘፈነ። ሠላሳ። እንዳለው ጥሩንባውን ለቀቀው፤ ከኋላችን የነበረው አውቶቡስም ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ ጥሩንባውን መለሰለት። እረኞቹ ከብቶቻቸውን ትተው አዩን። መኪናውን ጥግ አስይዘን፣ እዚያ ላይ ኔትወርኩ ጥሩ ስለሆነ፣ ደወልኩልህ። «ፀጋው፣ ተያዝክ! ለበጉ ቢላ ልንስል ነው፣ ሻንጣህን አንሣ!» ብዬ ጮኽኩብህ።

መጀመሪያ ሳቅህ መጣ። ከዚያ «ጋሼ፣ እንግዲህ አርባ ይበሉት» አልከኝ። ቀልድ መስሎኝ ልሰድብህ አፌን ስከፍት ነው የመኖሪያ ወረቀትህን ነገር የነገርከኝ። ለሦስተኛ ጊዜ እንደተመለሰብህ፣ ጠበቃው ከዚህ በኋላ የምንሄድበት የለም እንዳለህ፣ ከዚያ አገር ከወጣህ መመለስ እንደሌለ፣ እንዲህ ሆነህ ደግሞ እናትህ ፊት መቆም እንደማትችል። «ለእማዬ አይንገሩብኝ» አልክ። እንዳለው ወሬውን ከፊቴ ላይ አነበበው መሰለኝ፤ ጥሩንባውን የነፋበትን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ባዶ እጅህንም ቢሆን ና ብዬሃለሁ። አሁንም እላለሁ። ግን ድምፅህን ሰምቼዋለሁ ልጄ፤ እንደማትመጣ አውቄያለሁ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ አልለምንህም።

ቤት ስደርስ እናትህ በር ላይ ቆማ ነበር። «ስንት ገባህ?» አለችኝ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ የዋሸሁ ሰው ነኝ፤ አንተም ታውቃለህ። አንድ ነብር ያየሁ እንደሆነ ሦስት አደርገዋለሁ፣ ስዋሽ ሁልጊዜ ጨምሬ ነው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀንሼ ዋሸሁ። «ሃያ ዘጠኝ። አልሞላም» አልኳት። «ትናንትም ሃያ ዘጠኝ ነበርክ» አለችኝ። «መጨረሻዋ ከባድ ናት» አልኳት።

ለጥቂት ቀን አመነችኝ። ቀጥሎ ግን ጠረጠረች፤ «ስልኩን ለአመተ ማርያም ስጣት፣ እሷ ታንብብልኝ» አለች። እምቢ ብል ይብሳል። መስታወቱ ላይ ሠላሳ አንድ ተጽፏል፤ እናትህ በየቀኑ እየገፋች ስለምታስወጣኝ ሳልፈልግ እየጨመረብኝ ነው። አመተ ማርያም ቁጥሩን አየችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ «ሃያ ዘጠኝ ይላል፣ እማዬ» አለች። ስልኩን ስትመልስልኝ ጣቶቼን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻቸው። እስከ ዛሬ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ ምን ያህሉን እንደምታውቅ አልጠየቅኋትም። ያልነገርናትን ሁሉ የምታውቅ ይመስለኛል።

እንግዲህ አሁን በደባርቅ ሠላሳ መግባት ያቃተው ሰነፍ እኔ ነኝ። እናትህ ለጎረቤት ሁሉ ከሳኛለች። ያለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሰው ፊት «በአንተ ስንፍና ነው ልጄ የቀረብኝ» አለችኝ። ወግቶኛል፣ አልዋሽህም። ግን ቆሜ ሳስበው ደስ አለኝ። ልጄ አይመጣም ከምትል ወንድሜ ሰነፍ ነው ብትል ይሻላታል። ሰነፍ መባል ለእኔ አዲስ ልብስ አይደለም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ልኬ ነው።

ከአንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። ስትደውል አግዘኝ። እሷ እየሰማች ስደበኝ። «ጋሼ፣ አሁንም ሃያ ዘጠኝ? እግርዎት ተያዘ እንዴ?» በለኝ። እኔም ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ዝናቡ አማርራለሁ፤ እሷም ከአንተ ጋር ሆና ታፌዝብኛለች። ስታፌዝ ትስቃለች፤ ሳቋን ትሰማዋለህ። አርባ የሚለውን ቃል ግን ከአፍህ እንዳታወጣ፣ አደራህን። እዚያ ሊማሊሞ ላይ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ይበቃኛል።

በቅሎዋ ጊች ደርሳ ስትመለስ ከተፈለፈለው ያስቀመጥኩልህን ዋልያ የመሰለ ቀንዳም አውሬ እስካሁን አልነካሁትም። የአንተ ነው። አንዳንድ ቀን ልልክልህ እሞክራለሁ፤ ጨዋታው «ጓደኛዎ ሩቅ ነው፤ ይቅረቡ» ይለኛል። የማላውቅ ይመስል።

እስከ መቼ እንዳትለኝ። በጉ ከውፍረቱ የተነሣ መቆም አቅቶታል። የእናትህም ጉልበት ከዳገቱ ወደ ቤት ለመግባት ሁለት ጊዜ ያሳርፋታል። ስንት ገባህ ብላ መጠየቅ የምታቆምበት ቀን ይመጣል፤ ያ ቀን ይቅር እላለሁ፣ ይምጣም እላለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ጠዋት ጠዋት ስልኬን ይዤ እወጣለሁ። አውሬ ሲመጣ ዐይኔን አዞራለሁ። ምን ላድርግ፣ ዝም ብዬ ብሄድም ነጥቡ ይጨምራል።

እኅትህ አመተ ማርያም እጅግ አድርጋ ትስምሃለች፤ ትምህርቷን እየበረታች ነው፣ ሌላ የምትነግርህ እንዳላት ጠይቄያት ምንም አለች። አባ ወልደ ሩፋኤል በጸሎታቸው ስምህን ያነሣሉ። እንዳለው ሾፌሩ፣ አይተኸው ባታውቅም፣ ሰላም በልልኝ ብሏል። እኔም አጎትህ ከነባርኔጣዬ አቅፌ ስሜሃለሁ፤ ራስህን ጠብቅ፣ በብርድ አትውጣ፣ እራትህን አትዝለል።

እናትህ አሁን አጠገቤ ቆማለች። ዐይኗ አያነብላትምና የጻፍኩትን አላየችም። ሰላምታዬን እንደ ቃሌ አስገባልኝ ስላለች፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸውልህ፦ «ልጄ፣ አጎትህን አትቆጣው። እንደ አንተ ወጣት አይደለም፣ እግሩም ይዝላል። አንዲት ናት የቀረችው፣ ቀስ ብሎ ይደርሳል። አንተ ብቻ ተዘጋጅተህ ጠብቀው።»

አጎትህ ቢራራ
ደባርቅ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.