በከዋክብት መርከብ ላይ የተቆጠረ ዘር

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ጥሩወርቅ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽ? የአሰብ ሙቀት የሚያስነሣብሽ ራስ ምታትስ ተሻለሽ? ጋሼ እሸቴስ ከወደብ ሥራው በደኅና ይገባል? ብዙነሽስ አደገችልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናታችን ወገባቸውን እያመማቸው ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ሰነበቱ፤ አሁን ተሽሏቸዋል። የጉና ብርድ ግን ዘንድሮ ጨክኖብናል።

ባለፈው ደብዳቤሽ የሞላ ነገር ከምን ደረሰ፣ ሽማግሌስ መቼ ይላካል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ልመልስልሽ እስክሪብቶ ባነሣሁ ቁጥር እጄ እንቢ እያለኝ ቆየሁ። ነገሩን መጀመሪያ የሰማሁት ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ነው ብልሽ ታምኛለሽ?

በቀበሌው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ስለምናየው ተከታታይ የውጭ ፊልም ነግሬሻለሁ፤ በከዋክብት መሃል በመርከብ ስለሚንከራተቱት ሰዎች። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሞላ መምህር ነውና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ለሰው ያስረዳል። የመርከቡ አዛዥና ሐኪሟ ይዋደዳሉ፣ ግን አይነጋገሩም። ቁስሉን ስታስርለት ዓይኑን ያሸሻል፤ ሲወጣ ደግሞ እሷ በሩን ታያለች። አዳራሹ ሁሉ ምነው አንዳቸው ቢናገሩ እያለ ይበሳጫል። እኔ ግን ሁለት ልብ ነበርኩ። አንዱ ልቤ ተናግረው ባረፍኩ ይላል። ሌላው ደግሞ እባካችሁ ዝም በሉ፣ ከተናገራችሁ ይኼ የሚያንገበግብ ደስታ ያልቅባችኋል ይላል። እኔና ሞላም እንደዚያው ነበርንና። በቤተሰቦቻችን መሃል ሽማግሌ ከቅበላ በፊት ሊላክ፣ ሠርጉ ለፋሲካ ማግስት ሊሆን ሲወራ፣ እኛ ሁለታችን ከሰላምታ አልፈን አናውቅም።

ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ፣ አዛዡና ሐኪሟ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዘጋባቸውና አየር ሊያልቅባቸው ሆነ። እጁን ያዘችው። እሱም አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። ሰው ሁሉ ምን አለ፣ ምን አለ ሲል ሞላ ፊቱን ከቴሌቪዥኑ መለሰ። ከዚያ ወለል ወለሉን እያየ፣ «ዘር ሲቆጠር ስድስተኛ ቤት ላይ ዘመድ ሆነን ተገኘን፣ መጋባት አንችልም ነው የሚላት» አለ። አዳራሹ አዘነ። ሰባት ቤት ያልሞላው እንደማይጋባ የማያውቅ የለምና፣ ለከዋክብት ሰዎችም ሕጉ ያው ነው ብሎ ሁሉም ተቀበለ። ጎረቤታችን እማማ ውዴማ መልካቸው እንደሚመሳሰል ድሮም አይቼዋለሁ አሉ። እኔ ግን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬም ቢሆን ሰውዬው ያለውን ሰምቻለሁ። አይዞሽ፣ በሩን ይከፍቱልናል ነው ያላት። ሞላን አየሁት፤ አላየኝም። ለእኔ እየነገረኝ እንደሆነ ገባኝ።

በማግስቱ አባታችን አስጠርተው ነገሩኝ። የሞላ አባት ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት እብናት ወርደው ከአዛውንቶች ጋር ዘር ሲያስቆጥሩ፣ ስሟን እንኳ ሰምቼ የማላውቃት አንዲት የጥንት ሴት በስድስተኛ ቤት የሁለታችንም አያት ሆና ተገኘች። ትንሽ ብንራራቅ ምን ነበረበት፣ እትዬ?

ሞላ ወደ ሌላ አውራጃ እንዲዛወር ጠይቆ ተፈቀደለት። ባለፈው ቅዳሜ የፊልሙ መጨረሻ ነበር። እሱ በማግስቱ መንገደኛ ስለሆነ ማስረዳቱን ትቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። እነዚያም ጊዜ መርጠው ያን ዕለት ተናገሩ። አዛዡ እያለቀሰ ሚስቴ ሁኚ አላት፤ እሷም እሺ ብላ አንገቱን አቀፈችው። አዳራሹ መተቃቀፋቸውን አይቶ፣ ዘመዳሞች ሆነው እንዴት ብሎ ተንጫጫ። እማማ ውዴ ዓይናቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ተነሣ። ሰዉም ወደ እኔ ዞሮ፣ አንቺ ተምረሻል፣ ምን ተባባሉ አለኝ። እውነቱን ብናገር ሞላ ዋሽቶ ነበር ማለቴ ነው፤ ለምን እንደዋሸም ለሁሉም ይገባዋል። ተነሣሁና፣ «ደኅና ሁን ወንድሜ፣ በሄድክበት ይቅናህ ነው የምትለው። እኅትና ወንድም ሆነው ተሰነባበቱ» አልኩ። ጫጫታው በረደ። እማማ ውዴ የጨዋ ልጆች ናቸው ብለው መረቋቸው። ሞላ ከበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝና ወጣ። ሌላ ስንብት አልነበረንም።

ለሠርጉ ብለሽ የላክሽልኝ የቀሚስ ጨርቅ ሳይሰፋ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ስለ አዛዡና ስለ ሐኪሟ ሳስብ እሰይ፣ ቀናቸው እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እቀናባቸውና አለቅሳለሁ። በሰው ፊት አላለቅስም፣ አታስቢ።

አባታችንና እናታችን ሁላችሁንም ስመዋል። ጋሼ እሸቴን እጅ ነሥቼዋለሁ በይልኝ። ጎረቤትሽ ዘቢባም ስላደረገችልሽ ደግነት ውለታዋ አለብን፤ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ብዙነሽን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። በደብዳቤሽ ግርጌ በገዛ እጇ፣ የከዋክብቱ ሰዎች ተጋቡ ወይ ብላ ጠይቃኛለች። እዚህ ለማንም ያልነገርኩትን ለእሷ ንገሪያት። ዘመድ አልነበሩም፤ ተጋብተዋል።

እኅትሽ ዓለሚቱ
ደብረ ታቦር፣ የካቲት ፳፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.