ከልጄ ቁጥር ፊት ስላለችው ዜሮ

ለተከበሩ የስልክ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ፤

በተሳሳተ መመሪያ ልጄን ያስደበደቡብኝ፣ በጥበቃዎ ጫማ የጎን አጥንቴን ያስሰበሩብኝ፣ ይህም አልበቃ ብሎ በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠይቅ ያዘዙኝ ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ጎንዎ ደኅና ነው? ሲተነፍሱ አይወጋዎትም? መንጋጋዎስ እንደ ልብዎ ይከፈታል፣ ይዘጋል? እኔ ከግራ ጎኔ በስተቀር ደኅና ነኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የመሥሪያ ቤቱን የስልክ እጀታ ከነገመዱ ነቅዬ መስታወት በመስበሬና ደንበኞችን በማስደንገጤ መጸጸቴን በጽሑፍ እስካላረጋገጥሁ ድረስ በደጃፍዎ ዝር እንዳልል ይላል። እኔ የተጻፈ ነገር የማከብር ሰው ነኝ። ማንበብ ያስተማረኝ የለም፤ ብረት ስበይድ በበርሜልና በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ካለው ጽሑፍ ፊደል እየለቀምሁ ለራሴ አስተማርሁ፤ ስለዚህ የታተመ ቃል ለእኔ ትእዛዝ ነው። ይቅርታ ጻፍ ተብያለሁና ይኸው እጽፋለሁ። ብቻዎን አንብበው እንዳይደክሙ ብዬም ለሁሉ ሰው ግልጽ ደብዳቤ አድርጌዋለሁ።

ልጄ በሰው አገር ትኖራለች። ያገባችው ሰው ደጅ ሲወጣ ሰላምታው የማያልቅ፣ ቤት ሲገባ ግን ቡጢው የማያልቅ ነው። ስሙን በአፌ ላለመጥራት «ጨዋው» እለዋለሁ። ጨዋው በዚህች ምድር ላይ የሚፈራው ነገር ቢኖር የእኔን ድምፅ ነው፤ ምናልባት ሊያገባት የመጣ ዕለት እጁን ስጨብጠው ጥቂት ስላቆየሁት ይሆናል። እጁን ባነሣባት ቁጥር ልጄ ትደውልልኝና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ታደርገዋለች። እኔም ከዚህ ሆኜ፣ ሳልቆጣ፣ የትኛውን ጣቱን አስቀድሜ በጉጠት እንደምይዝለት፣ የትኛውን ለኋላ እንደማቆይለት በዝርዝር አስረዳዋለሁ። እሱም ይቀመጣል። ትዳራቸው የቆመው በእኔ ጉሮሮና በእርስዎ ሽቦ ነበር ማለት ይቻላል።

ያን ቀን ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አባባ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆልፌያለሁ። በሩን በመዶሻ እየመታው ነው። ስልኬ ሒሳብ ሊጨርስ ነው፤ መልሰህ ደውልልኝ፣ አንተን ከሰማ ይተወኛል።»

ከዚያ ተቋረጠ። የቤቴ ስልክ ከውጭ አገር ይቀበላል እንጂ ወደ ውጭ አይደውልም፤ ይህ የእርስዎ ደንብ ነው። ሁልጊዜ የምትደውለው እሷ ስለነበረች እኔ ወደ ውጭ ደውዬ አላውቅም ነበር። እሷ ያስጻፈችኝን ቁጥር ይዤ፣ የሥራ ሽርጤን ሳላወልቅ፣ ወደ አዳራሽዎ ሮጥሁ። በዚያ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በመደወያ ክፍሎቹ ራስጌ ስላሰቀሉት ሰፊ ሰሌዳ አመሰግናለሁ። ወደ ውጭ አገር ለመደወል መጀመሪያ ሁለት ዜሮ፣ ቀጥሎ የአገሩን መለያ ቁጥር፣ በመጨረሻም የሚደወልለትን ሰው ሙሉ ቁጥር «ምንም ሳይቀንሱ» መደወል ነው ይላል፤ «ምንም ሳይቀንሱ» የምትለውን ደግሞ በቀይ አስጽፈዋታል። የልጄ ቁጥር እዚያው አገር ውስጥ ሲደወል በዜሮ ይጀምራል። እኔም ሁለቱን ዜሮ፣ የአገሩን መለያ፣ ከዚያም ያቺን ዜሮ ጨምሬ፣ ምንም ሳልቀንስ፣ እስከ መጨረሻው ደወልሁ።

ሁለተኛ፣ በቴፕ ውስጥ ስላስቀመጧት ሴት አመሰግናለሁ። የደወልሁት ቁጥር ትክክል እንዳልሆነ ነገረችኝ። ደግሜ ደወልሁ፤ ደግማ ነገረችኝ። የማይነገር ስድብ ሰደብኋት፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ እንደ ሌሎቹ ሠራተኞችዎም ጀርባዋን አልሰጠችኝም። እኔ በዚያን ጊዜ የማስበው ስለ በሩ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በር ሠርቻለሁ። የመታጠቢያ ቤት በር ምን ያህል ስስ እንደሆነ፣ መቀርቀሪያው በምን ያህል አጭር ሚስማር እንደሚያዝ፣ በሩ የሚቆየውም መዶሻ የያዘው ሰው መጀመሪያ ማጠፊያውን መምታት እንዳለበት እስኪገባው ድረስ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ጨዋው ደግሞ ብዙ ነገር ይጎድለዋል እንጂ ሞኝ አይደለም።

ሦስተኛ፣ መስኮቱ ላይ ስለምትቀመጠው ሠራተኛዎ። ልጄ እየተገደለች ነው ብዬ ብነግራት ሰሌዳውን አንብብ አለችኝ፤ ማንበብ ካቃተህም ሰው አስነብብ ስትል ጨመረች። አዳራሹ እስኪያስተጋባ ድረስ ጮኼ አነበብሁላት፤ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁሉ ያን ቀን መመሪያዎን በቃሉ አጥንቶ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ጩኸቴን ሰምተው ክቡርነትዎ ከቢሮዎ ወጡ፣ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቀሉ፣ ራስዎ ያስጻፉትን ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«አባባ፣ መመሪያው ልክ ነው። ልክ ያልሆኑት እርስዎ ነዎት።»

ይህን ብለው በሩን ዘጉ። የእርስዎ በር ወፍራም ነው፤ ልብ ብዬ አይቼዋለሁ።

አራተኛ፣ እጀታውን የነቀልሁት ያኔ ነው። አልክድም። ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜ ስስበው ከነልስኑ መጣ፤ በእሱው የመደወያ ክፍሉን መስታወት መታሁ፤ አንዴ መታሁት ተሰነጠቀ፣ ደግሜ መታሁት ረገፈ። ሦስተኛውን ምት ለእርስዎ በር አስቤው ነበር። ሕዝቡ «ግንቡ» የሚለው ጥበቃዎ ግን ቀደመኝ። ይህ ሰው ደመወዙን በሐቅ የሚበላ ነው፤ መጀመሪያ ጆሮ ግንዴን አለኝ፣ ከወደቅሁ በኋላም በጫማው ጎኔን ሦስት ጊዜ ረገጠኝ። በሁለተኛው ላይ አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ሦስተኛው ምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ ምናልባት እሱም ምንም ሳይቀንስ እንዲሠራ ታዞ ይሆናል። ወለሉ ላይ ሆኜ የልጄን ቁጥር ጮክ ብዬ እጠራ ነበር፤ ከወረፋው አንድ ሰው ቢደውልልኝ ብዬ። ሁሉም ጫማውን ያይ ነበር። በእግሬ ጎትተው ደረጃው ላይ ሲጥሉኝ አንድ ጫማዬ አዳራሹ ውስጥ ቀረ።

አምስተኛውን መጻፍ ከሌሎቹ ይልቅ ይከብደኛል። በማግሥቱ የልጄ ጎረቤት የሆነች ነርስ፣ ልጄ በወረቀት የጻፈችላትን ይዛ፣ ከዚያ ደወለችልኝ። በሩ ሲገነጠል ልጄ አልተደበቀችም አለችኝ። ስልኳን በእጇ ይዛ ወደ ባሏ ዘርግታ፣ አባቴ አሁን ይደውላል፣ አሁን ይጮኻል እያለችው ቆማ ነበር። እሱም መዶሻውን እንደ ያዘ ጥቂት ጠበቀ። ስልኩን እያየ ጠበቀ። አልጮኸም። ከዚያ በመዶሻው እጀታ መንጋጋዋን ሁለት ቦታ ሰበረው። ፖሊስ መጥቶ ወስዶታል፤ የሚፈታበትን ቀን እኔም ጉጠቴም ሳንቸኩል እንጠብቃለን።

ጎኔን በጨርቅ አስሬ ጫማዬን ልወስድ ወደ አዳራሽዎ ስመለስ፣ ሰሌዳዎ ላይ አዲስ ነገር አየሁ። በቀይዋ ጽሑፍ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎባት፣ ከቁጥሩ ፊት ያለውን ዜሮ ትታችሁ ደውሉ ይላል። ሙጫው አልደረቀም ነበር። ለካ ያቺ ዜሮ አገር ውስጥ ለሚደውል ብቻ ናት፤ ከሌላ አገር የሚደውል ይተዋታል። ግንቡ ጫማዬን አምጥቶ ሲያቀብለኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም፤ እግርህ ደኅና ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፣ አቀርቅሮ ሄደ። ክቡርነትዎ ቢሮዎ ውስጥ ነበሩ፤ ወፍራሙ በር ተዘግቷል። የመዳኔን ዜና ጠብቀው ይመስለኛል የይቅርታው ትእዛዝ በዚያው ሳምንት መጣልኝ።

እንግዲህ ይቅርታዬን ይቀበሉ። ለስልኩ እጀታ ይቅርታ አድርግልኝ እለዋለሁ፤ የታዘዘውን ከማድረስ በቀር ጥፋት አልነበረበትም። ለመስታወቱም እንዲሁ። በቴፕ ውስጥ ላለችው ሴት ደግሞ ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የደወልኸው ቁጥር ትክክል አይደለም ብላ ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ነበረች፣ እኔም በእናቷ ሰደብኋት። ለእርስዎ የተረፈኝ ይቅርታ ግን የለም። ብፈልግ ብፈልግ አጣሁልዎ።

ሳል በያዘኝ ቁጥር ከነማዕረግዎ የማስታውስዎ፣ ለወፍራሙ በርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማጠፊያውም ጥንካሬ የምመኝ፣ በተጻፈ ቃል ዳግም ላላምን የማልሁ፣

አክባሪዎ ሽማግሌው በያጅ

የረሳሁት ነገር፤ አሁን የምደውለው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው በዚህ ሰሞን በገዛው ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። ያቺን ዜሮ ስተዋት በመጀመሪያው ይጠራል፤ እንዲህ ቀላል ነው። ልጄ መንጋጋዋ በሽቦ ስለ ታሰረ መናገር አትችልም፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ስልኩን በጥፍሯ ትመታለች፤ አዎ ለማለት አንዴ፣ አይ ለማለት ሁለቴ። ይህን ደብዳቤ ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ አንዴ መታች። ከዚህ በኋላስ ያን ቀን እናንሣው ወይ አልኋት። ሁለቴ መታች። ስለዚህ ቢሮዎ ቢያስጠሩኝ፣ ፍርድ ቤት ቢያቆሙኝ፣ ግንቡ ደግሞ ቀኝ ጎኔን ቢሰብረው፣ ስለዚህ ነገር ዳግመኛ ከእኔ አንዲት ቃል አይሰሙም።